ስሙን ተዉት፣ ሥዕሉን እዩ፦ መርሊን የወፍ ድምፅ መለያ አፕ በጓሮ

ስለ መርሊን የምለው ብዙ ነው። ዋናውን ግን አስቀድሜ ልበል። ጓሮ ያላችሁ፣ ወይም መስኮታችሁ ሥር አንድ ዛፍ የቆመላችሁ ሁሉ ይህን አፕ አውርዱት። አሁኑኑ፣ ብርዱ ሳይወጣ አውርዱት። ጸደይ እስኪገባ ጠብቃችሁ ከጀመራችሁ ግማሹ ጥቅሙ ያመልጣችኋል። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

መርሊን ወፍ ሲዘምር በስልካችሁ ማይክ ሰምቶ «ይሄ እከሌ ነው» የሚል አፕ ነው። የሠራው አሜሪካ የሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ጥናት ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ የሚሠራው በጥያቄ ነበር። ወፉን የት አያችሁት? መቼ? ምን ያህላል? ቀለሙ ምንድን ነው? ምን ሲያደርግ ነበር? ከመልሳችሁ ተነስቶ ይገምታል። ድምፅ መለየት የጀመረው በ2021 ነው። አፑ በነፃ ነው፤ ማስታወቂያም የለውም። ተቋሙ የምርምር ተቋም ስለሆነ ወፍ የሚወድ ሰው እንዲበዛ ይፈልጋል፤ ይህም አፑን ስትጠቀሙ ይታወቃል። «ይህን ግዛ፣ ያን ክፈት» እያለ አይነዘንዝም።

ብዙ ሰው መርሊንን የሚጠቀመው እንዲህ ነው። አፑን ይከፍታል፣ ስም ይወጣለታል፣ «አሃ» ብሎ ይዘጋል። በማግስቱ ያው ወፍ እዚያው ዛፍ ላይ ሲዘፍን ማን እንደሆነ አያውቅም። እንደገና ይከፍታል። ዓመት ሙሉ ቢጠቀም ጆሮው ምንም አይማርም። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም አፑ ውስጥ በጣም ጥሩ አስተማሪ አለ፤ እሱ ግን ስሙ አይደለም። ከስሙ በላይ፣ በስክሪኑ አናት ላይ እየተሳለ የሚያልፈው ሥዕል ነው።

ሥዕሉ ስፔክትሮግራም ይባላል። ከግራ ወደ ቀኝ ጊዜው ይሄዳል። ከታች ወደ ላይ የድምፁ ቅጥነት ነው፤ ወፍራም ድምፅ ከታች፣ ቀጭን ድምፅ ከላይ ይሳላል። ጮክ ያለው ይጠቁራል፣ የደከመው ይደበዝዛል። በቃ፣ ከዚህ ሌላ የሚጠና ነገር የለውም። ንጹሕ ፉጨት አንድ ቀጭን መስመር ሆኖ ይወጣል። የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ተቀራርበው የቆሙ ጭረቶች ይሆናል። የመኪና ድምፅ ሥር ሥሩን የሚሄድ ግራጫ ደመና ነው። አፑ ራሱም የሚያነበው ይህንኑ ነው። ድምፁን ወደ ሥዕል ይለውጥና ሥዕሉን ይመረምራል። እናንተም አፑ የሚያየውን ማየት ትችላላችሁ ማለት ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ወቅቱ ልምጣ። የምናገረው እንደ አውሮፓ ስላሉ ቀዝቃዛ አገሮች ነው።

ታኅሣሥ ላይ ጓሮ ብትወጡ የምትሰሙት አብዛኛው ድምፅ ዘፈን አይደለም፤ ጥሪ ነው። «እዚህ ነኝ» ወይም «ድመት መጣች» የሚል አጭር ድምፅ። ዘፈን ሌላ ነው። ረዘም ይላል፣ ቅርፅ አለው። በቀዝቃዛ አገሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘፍነው ወንዱ ነው፤ የሚለውም ሁለት ነገር ነው። ለሌላው ወንድ «ይህ ቦታ ተይዟል» ይላል፤ ለሴቷ ደግሞ «እዚህ ነኝ፣ ነይ» ይላል። ከጥር ጀምሮ ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ ዘፋኞቹ አንድ በአንድ ይገባሉ። መጀመሪያ አንዱ፣ ቆይቶ ሌላው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይጮሃሉ። ያን ጊዜ ማንን ከማን ትለያላችሁ? ዛፉም ቅጠል ለብሷል፤ ድምፁን ብትሰሙም ወፉን በዓይን አታገኙትም። የካቲት ላይ ግን ቅርንጫፉ ራቁቱን ነው። ድምፁን ተከትላችሁ ቀና ስትሉ ወፉ እዚያው ተቀምጦ፣ ምንቃሩን ከፍቶ፣ ጉሮሮው ሲንቀጠቀጥ ታዩታላችሁ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ሁለት ሦስት ድምፅ ብቻ ነው የምትይዙት፤ ሌላው እስኪመጣ እነሱን ትለምዳላችሁ።

ወፎቹን የሚቀሰቅሳቸው ሙቀቱ ሊመስለን ይችላል። ሙቀቱ ያግዛል፤ ዋናው ግን ብርሃን ነው። ደግሞ ወፍ የቀኑን ርዝመት የሚለካው በዓይኑ ብቻ አይደለም። ብርሃን በራስ ቅሉ አልፎ ይገባል፤ አንጎሉ ውስጥ ጠለቅ ብለው የተቀመጡ ብርሃን የሚያውቁ ሕዋሳት አሉ። ቀኑ ሲረዝም እነሱ ምልክት ይሰጣሉ፣ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንዱ ሆርሞን ይጨምራል፣ ዘፈኑም ይከተላል። አንጎሉም አብሮ ይለወጣል። ፈርናንዶ ኖተቦም የተባለ ተመራማሪ በ1981 ባሳተመው ጥናት የወንድ ካናሪዎችን (ትናንሽ ዘፋኝ ወፎች ናቸው) አንጎል መርምሯል። ዘፈን የሚያዙት ክፍሎች በጸደይ ከመኸር ይልቅ በጣም ትልቅ ሆነው አገኛቸው፤ አንደኛው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አስቡት። ያ እፍኝ የማይሞላ ፍጡር ለዘፈኑ ሲል አንጎሉን እንደገና ይገነባል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ የየካቲትን የመጀመሪያ ዘፈን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

እንግዲህ ወፎቹ። አውሮፓ ውስጥ ጓሮ የሚያዘወትሩትን ነው የምጠራው፤ ስማቸውን አፑ ላይ እንደምታገኙት በእንግሊዝኛው እላለሁ።

ከሮቢን ጀምሩ። ፊቱና ደረቱ ብርቱካንማ የሆነ፣ ሰው የማይፈራ ትንሽ ወፍ ነው። በብርዱ ወቅት ሙሉ ከማይተኙት ዘፋኞች አንዱ እሱ ነው። ሴቷም ትዘፍናለች፣ ምክንያቱም በብርዱ ወንዱም ሴቷም የየራሳቸውን ቦታ ለብቻ ይይዛሉ። ከተማ ውስጥ የመንገድ መብራት ሥር ሌሊትም ሲዘፍን ይሰማል። ዘፈኑ ቀጭንና ብርድ ብርድ የሚል ነው፤ ይወርዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና በሌላ መንገድ ይነሳል። ሥዕሉን እዩ፦ ወደ ላይ ወደ ታች የሚታጠፉ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው፤ አንዱ ሐረግ ከቀጣዩ ጋር አይመሳሰልም። ጸደይ ሲቃረብ ያው ወፍ ጠንከር ብሎ፣ ደመቅ ብሎ ይመጣል። ይህን ለውጥ መስማት ከቻላችሁ ጆሯችሁ መማር ጀምሯል።

ቀጥሎ ግሬት ቲት። ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ጉንጩ ነጭ፣ ሆዱ ቢጫ ነው። ከጥር ፀሐያማ ቀን ጀምሮ ታገኙታላችሁ። ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ፣ ደግሞ ከፍ፣ ደግሞ ዝቅ። ዘይት ያጣ የእጅ የውሃ መሳቢያ ከፍ ዝቅ ሲደረግ የሚያሰማው ድምፅ ነው የሚመስለው። ሥዕሉ ላይ ሁለት ዓይነት ጭረቶች እኩል እኩል ተራርቀው ይደረደራሉ። ከሥዕል ንባብ ውስጥ ቀላሉ እሱ ነው። አንዱ ወፍ ግን ከአንድ በላይ ዘፈን ስለሚያውቅ ድንገት ቀይሮ ግራ ሊያጋባችሁ ይችላል። ያኔ ቅላፄውን ተዉትና ድርደራውን ተመልከቱ፤ ያው እኩል እርምጃ ነው።

ስለ ግሬት ቲት አንድ ነገር ልጨምር። በ2003 የታተመ ጥናት ኔዘርላንድ ሌይደን ከተማ ውስጥ ያሉትን መርምሮ ነበር። ጫጫታ የበዛበት ሰፈር የሚኖሩት የዘፈናቸውን ታችኛ ድምፅ ከፍ አድርገው ተገኙ። የመኪናው ጩኸት ወፍራም ነው፤ ወፉ ከሱ በላይ ሆኖ ይዘፍናል። ይህንንም ሥዕሉ ላይ ልታዩት ትችላላችሁ። ግራጫው የመኪና ደመና ከታች፣ የወፉ ጭረት ከሱ በላይ ነው።

አሁን ደግሞ ሥዕሉ ከስሙ በላይ የሚያስተምርበት ቦታ ደረስን፦ ሶንግ ትረሽና ብላክበርድ። ሁለቱም ከረጅም ዛፍ ጫፍ፣ ጮክ ብለው፣ ውብ አድርገው ይዘፍናሉ። ጀማሪ ሁሌ ያምታታቸዋል። አፑ አንዱን ጊዜ ይሄን፣ ሌላ ጊዜ ያን ስም ያወጣል፤ እናንተ ጋ ግን ምንም አይቀርም። ስሙን ሸፍኑና ሥዕሉን እዩ። ሶንግ ትረሽ አንድ ቅርፅ ይሥላል፣ ያንኑ ይደግማል፣ ምናልባት ይሠልሳል። ከዚያ ይተወውና ሌላ ቅርፅ ይጀምራል፤ እሱንም ይደግማል። ስክሪኑ ላይ የተጣመሩ መንትያ ቅርፆች ሲሰለፉ ወለል ብሎ ይታያችኋል። ብላክበርድ አይደግምም። ዝግ ብሎ፣ ወፍራም የዋሽንት ድምፅ ያወጣል፤ ሥዕሉ ከታች በኩል ሰፊና ክብ መስመሮች ናቸው። የሐረጉ ማብቂያ ላይ ደግሞ ቀጭን፣ የተቧጨረ የሚመስል ጩኸት ወደ ላይ ይፈነጥቃል። ከዚያ ዝም ይላል። ቀጣዩን አስቦ የሚጀምር ነው የሚመስለው። አንዴ ይህን በዓይናችሁ ካያችሁት ጆሯችሁ አይረሳውም። ብላክበርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በየካቲት ማብቂያና በመጋቢት አካባቢ ነው፤ በተለይ አመሻሹ ላይ ይወዳል። እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። የሚዘፍነው ጥቁሩ ወንድ ነው፤ ምንቃሩ ብርቱካንማ ቢጫ ነው።

ሬን ደግሞ አለ። አሥር ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ጭራውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ቡናማ ወፍ ነው። ቁጥቋጦ ሥር ይርመሰመሳል። ድምፁን ስትሰሙ ትልቅ ወፍ ትፈልጋላችሁ። አምስት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ስክሪኑን ያጠቁረዋል፤ መሐል ላይ የተቀጣጠለ ንቅጥቅጥ አለበት፤ ያ ነው መለያው።

በመጋቢት ቺፍቻፍ ይደርሳል። ብርዱን በሜዲትራንያን ዙሪያና በምዕራብ አፍሪካ ያሳለፈ መንገደኛ ነው። መልኩ አይለይም፤ አረንጓዴ ቢጤ ቡናማ ነው። ድምፁ ግን የራሱን ስም ይጠራል። እሱም እንደ ግሬት ቲት በሁለት ድምፅ ይሄዳል፤ ግን ተራውን አይጠብቅም። ሁለቴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ፣ ደግሞ እንደፈለገው። ሥዕሉን ከግሬት ቲት ሥዕል ጎን ብታስቀምጡት ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል፤ የአንዱ ድርደራ እኩል ነው፣ የሌላው ይምታታል። ቺፍቻፍ ከተሰማ ጸደይ ገብቷል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ካርዲናልና ቺካዲን ያዙ። ጥቁር ኮፍያ ያለው ቺካዲ ገና በብርዱ ሁለት ንጹሕ ፉጨት ማሰማት ይጀምራል፤ ሁለተኛው ዝቅ ይላል። ሥዕሉ ላይ ሁለት የተጋደሙ መስመሮች ናቸው፤ ከዚህ የጠራ ሥዕል አታገኙም። ካርዲናል የሚንሸራተት ፉጨት ነው፤ ሴቷም ትዘፍናለች።

የእኔ ልምምድ ቀላል ነው። ቁራጭ ካርቶን ወስጄ የስክሪኑን ታችኛ ክፍል፣ ስሞቹ የሚወጡበትን፣ እሸፍናለሁ። ሥዕሉን አያለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ እገምታለሁ። ከዚያ ካርቶኑን አነሳለሁ። አፑ ለዚህ የሚያግዝ አንድ ጥሩ ነገር አለው። አንዴ የለየው ወፍ ደግሞ በዘፈነ ቁጥር ስሙ በቢጫ ይበራል። ስድስት ወፍ ባንድ ላይ ሲንጫጫ የትኛው ድምፅ የማን እንደሆነ እዚያው በቅጽበት ያሳያችኋል። ቀረጻውም ይቀመጣል። ማታ ቤት ገብታችሁ ስሙን ስትነኩት የዘፈነበት ቅጽበት ላይ ይወስዳችኋል። ከዚያ አፑ ውስጥ ካለው የዚያው ወፍ ናሙና ጋር ታመሳክራላችሁ። እኔ ብዙ የተማርኩት በዚህ የማታ ክለሳ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ረጋ ብዬ ልንገራችሁ።

ለረጅም ዓመታት የሠራሁት ማተሚያ ቤት ነው። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። አሁን ዕድሜም ተጨምሮ፣ በጣም ቀጭን ድምፅ አይሰማኝም። ጓሯችን ጥግ አንድ የጥድ ዛፍ አለ። አንድ ማለዳ ስልኩን ልጄ ይዛው ነበር።

«አባዬ፣ ስማ፣ ስማ! ከጥዱ ላይ።»

«ምኑን?»

«ይሄው እኮ! አሁን ደገመው።»

ምንም የለም። ነፋስ ብቻ ነው የምሰማው። ስልኩን አቀበለችኝ። ሥዕሉ አናት ላይ፣ ሌላው ወፍ ሁሉ ከሚደርስበት በላይ፣ ስስ ጭረቶች ተደርድረዋል። ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ እያሉ ይሄዱና መጨረሻ ላይ ትንሽ ይጠመዘዛሉ። ከሥር ስሙ በቢጫ በርቷል፦ ጎልድክረስት። አምስት ስድስት ግራም የሚመዝን፣ ከአውሮፓ ወፎች ሁሉ ትንሹ ነው። ዘፈኑ ከሰባት እስከ ስምንት ሺህ ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ከጆሮ ቀድሞ የሚጠፋው ይህ ከፍታ ነው። ሥዕሉን እያየሁ ጥዱን ፈለግኩ። አናቱ ላይ ቢጫ መስመር ያለው፣ አውራ ጣት የምታህል ነገር ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትዘል አገኘኋት። ምንቃሯ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ጭረቱ ይወጣል። ሲዘጋ ይቆማል።

ያን ዘፈን በጆሮዬ መስማት አልቻልኩም። ግን አየሁት። መኖሩን አወቅሁ። ልጄም አጠገቤ ቆማ «አሁን ጀመረ፣ አሁን ጨረሰ» ትለኛለች። ጆሯቸው የደከመ ወላጆች ያሏችሁ ይህን ልብ በሉ። አፑን አውርዱላቸው፤ አብራችኋቸውም ውጡ።

ጉድለቱን ደግሞ ልናገር፤ ጉድለት አለውና። አፑ የሚሰጠው ግምት ነው፤ ሠሪዎቹም ወፉን በዓይን አይታችሁ እንድታረጋግጡ ይመክራሉ። ስታርሊንግ የሚባለው ወፍ የሌላውን ወፍ ድምፅ አሳምሮ ይቀዳል። ጄይ ደግሞ የጭልፊት ጩኸት ያወጣል። ድምፁ ያው ከሆነ አፑ የሌለ ወፍ ቢጠራ አይገርምም። ሩቅ ያለ ወፍ፣ ነፋስ፣ የሚያልፍ መኪና ሁሉ ውጤቱን ያበላሻሉ። የተለመደ ስም ከወጣ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ያልተለመደ ስም አንዴ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ግን አትመኑት። ደጋግሞ ከወጣ ዓይናችሁን ላኩ። ስንት ወፍ እንዳለም አይነግራችሁም፤ አምስት ሮቢን ቢዘፍኑ የሚወጣው አንድ ስም ነው። ጥሪን ከዘፈን ለይቶ «ይሄ ማስጠንቀቂያ ነው» ብሎም አያስረዳም። ድንገት ጓሮው በሙሉ አጭር አጭር ጩኸት ሲጮህ ድመት ፈልጉ፤ ያን ከአፑ ሳይሆን ከጓሮው ነው የምትማሩት።

አጠቃቀሙ ላይ ጥቂት ነገር። መጀመሪያ ያላችሁበትን አካባቢ የወፍ ፓክ፣ ማለትም የዚያን አካባቢ ወፎች የያዘውን ጥቅል፣ አውርዱ። ከበድ ስለሚል ዋይፋይ ላይ ሁኑ። እሱ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሎኬሽን አብሩለት፤ ያላችሁበትን ካላወቀ ግምቱ ይደክማል። ስልኩን ከኪስ አውጡት። የብዙ ስልክ ማይክ ታችኛው ጠርዝ ላይ ነው፤ ያን ጠርዝ ወደ ወፉ አዙሩት፣ በጣት አትሸፍኑት። የጃኬት እጅጌ ሲሻሽ ሥዕሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ግድግዳ ይሠራል፤ ስለዚህ ቁሙና አትንቀሳቀሱ። ብርድ ባትሪ ይበላል፤ እስክትጀምሩ ድረስ ስልኩን ሰውነታችሁ አጠገብ አሙቁት። ቀረጻዎቹ ያልተጨመቁ ስለሆኑ ቦታ ይይዛሉ፤ የማትፈልጉትን እየሰረዛችሁ ሂዱ።

ሰዓቱን በተመለከተ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ውጡ። ንጋት ላይ ብርሃኑ ምግብ ለመፈለግ ገና አይበቃም፤ አየሩም አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ይላል፣ የመኪና ድምፅም ይቀንሳል። ሮቢንና ብላክበርድ ቀድመው ይጀምራሉ። ዓይናቸው ተለቅ ያለ ወፎች በደብዛዛ ብርሃን ቀድመው የመጀመር ዝንባሌ አላቸው። አልጋ ከጣፈጣችሁ ጀንበር ስትጠልቅም ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። አፑ ውስጥ ያለውን የወፍ ዘፈን ጓሮ ላይ ጮክ አድርጋችሁ አትክፈቱ። በተለይ ከየካቲት ወዲህ። ወንዱ ሌላ ወንድ ቦታዬን ሊነጥቅ መጣ ብሎ ያምናል። መብላቱን ትቶ ይመጣል፣ ይዞራል፣ ይጮሃል፣ ጉልበቱን ይጨርሳል። ገና ብርዱ ሳይለቀው፣ ጎጆ ሊሠራ ሲዘጋጅ፣ ይህን ማድረግ ግፍ ነው። ማመሳከር ከፈለጋችሁ ኢርፎን አድርጉ፣ ወይም ቤት ግቡ።

ከአፑ ጀርባ ያለውንም ታሪክ ማወቅ ደስ ይላል። ይህን ተቋም በ1915 የመሠረተው አርተር አለን የሚባል ፕሮፌሰር ነው። በ1929 ጸደይ እሱና ባልደረቦቹ ኮርኔል ባለበት ኢታካ ከተማ መናፈሻ ወጥተው፣ የፊልም ድምፅ መቅረጫ ይዘው፣ የዱር ወፍ ዘፈን ቀረጹ። መቅረጽ ዛሬ አንድ ንክኪ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ከባድ ዕቃ መሸከም ነበር። የዚያ ሥራ ልጅ የሆነው የማኮሊ ቤተ መዛግብት ዛሬ እጅግ ብዙ የወፍ ድምፅ ይዟል። መርሊን የተማረው ከዚያ ነው። ቀረጻዎቹን የሰጡት በየአገሩ በየጠዋቱ ማይክ ይዘው የቆሙ ሰዎች ናቸው። ነፃ የሆነውን አፕ ስትከፍቱ የእነሱን ድካም ነው የምትጠቀሙት።

በርድኔት የሚባል ሌላ አፕም አለ። እሱም የኮርኔልና የጀርመኑ የኬምኒትዝ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የጋራ ሥራ ነው። እዚያ ድምፁን ትቀርጻላችሁ፣ ከሥዕሉ ላይ የምትፈልጉትን ቁራጭ በጣታችሁ ትመርጣላችሁ፣ ያንን ብቻ ያስመረምራል። አንድ ያልታወቀ ድምፅ ሲያስቸግራችሁ እሱ ደስ ይላል፤ የመረጣችሁትን ብቻ ስለሚመለከት ግራ መጋባቱ ይቀንሳል። ለዕለት ተዕለት የጓሮ ማዳመጥ ግን መርሊን ይበልጣል፣ ምክንያቱም ወፉ እየዘፈነ እያለ ሥዕሉም ስሙም እኩል ይሄዳሉ። ሁለቱንም መያዝ ትችላላችሁ። መጀመሪያ መርሊንን አውርዱ፣ ፓኩን ጫኑ፣ ከሮቢን ጀምሩ፤ ሮቢንን ካርቶኑን ሳታነሱ መለየት እስክትችሉ ወደ ሁለተኛው አትሂዱ።